ከምንም እስከ ሸዲድ

ሰኔ 4 ቀን 2005፣ ማክሰኞ

ደብተር መያዝ ከተውኩ ስምንት ዓመት ሊሆነኝ ነው። የመጨረሻውን ደሴ ላይ ፖሊስ ወሰደው። ዛሬ እንደገና የጀመርኩት ዶክተር ሙርተዳ «የምታየውን ጻፍ፣ ኋላ ይጠፋሃል» ስላለኝ ነው።

የማየው ይኼ ነው። እህቴ ናርዶስ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ግራ ዓይኗ በሚያዝያ ጠፋ። ቀኝ እግሯን ትጎትታለች። በሽታው ኤም ኤስ ይባላል፤ የዐረብኛ ስሙ ረጅም ነው፣ የአማርኛ ስም አላገኘሁለትም። «ፕላስቲኩ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ አስብ፤ የሚልጠው ደግሞ የገዛ ሰውነቷ ነው» አለኝ ዶክተሩ። ባላሰብኩት ይሻለኝ ነበር።

ወረፋው ስልሳ ሰው ይሆናል። ገና ስትገባ ዶክተሩ «ኬፊክ ያ ናርዶስ?» አላት፣ እንዴት ነሽ ማለቱ ነው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ተማም» አለች፣ ግድግዳውን ተደግፋ።

ዶክተሩ ሳቀ። «እናንተም እንደኛው ናችሁ። አንገታችሁ ቢቆረጥ አልሐምዱሊላህ ነው የምትሉት። ስለዚህ አፋችሁን አልጠይቅም፤ ወረቀት ይናገር።»

ወረቀቱ በፎቶ ኮፒ የተባዛ ነው። ስምንት ሥዕሎች አሉበት፦ እግር፣ እጅ፣ ዓይን፣ አልጋ ለድካም፣ መርፌ ለመደንዘዝ፣ ቧንቧ ለሽንት፣ እሳት ለሕመም፣ ጭንቅላት ለመርሳት። ለእያንዳንዱ አሥር ባዶ ሳጥን ተደርድሯል። በየቀኑ በየመስመሩ አንዷን ሳጥን ማጥቆር ነው። ቁጥር የለውም፤ ያልተማረም እንዲሞላው ብለው ይመስለኛል። ነርሷ ከጠረጴዛው ማዶ ሆና በእስክሪብቶዋ አሳየችኝ። «ከዚህ እስከዚህ፤ ከማፊ እስከ ሸዲድ» አለች፣ ከምንም እስከ ከባድ ማለቷ ነው። እጇ ከግራዬ ተነስቶ ወደ ቀኜ ሄደ። ቀላል ነው።

በየአሥራ አምስት ቀኑ ማክሰኞ ወረቀቶቹን እኔ አደርሳለሁ። ናርዶስን ግን በሦስት ወር አንዴ ነው የሚመረምራት፤ ከሰፈራችን ከሐጅ ዩሱፍ በሐፍላ አውቶቡስ አሳፍሮ ኮብሪውን፣ ድልድዩን፣ አሻግሮ ማምጣት በራሱ ይጥላታል። በክፍሉ ለዚህ በሽታ የተመደቡ ሁለት አልጋዎች አሉ፤ በደም ሥር የሚንጠባጠበውን መድኃኒት አምስት ቀን ተኝቶ ለመውሰድ። ተራው የሚሰጠው በወረቀቱ ነው፤ ለባሰበት ይቀድማል።

ስንወጣ ክንዴን ያዘኝ። «ቀኝ ዓይኗን ጠብቅልኝ። የዓይን መስመር ላይ ምልክቱ ሦስት ሳጥን ከሄደ አልጋ እፈልግላታለሁ። ዓይን ቀን አይሰጥም።»

ሦስት ሳጥን። ደጋግሜ ለራሴ አልኩት።

ሰኔ 6፣ ሐሙስ

ሱቅ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ዳውድ ለሶላት ወጥቷል። የዳውድ ሱቅ ፎቶ ኮፒ፣ ማኅተም፣ የሰርግ ጥሪ ይሠራል፤ ጥግ ላይ ያለችው ጠረጴዛ የእኔ ናት። ቤት ለሚሠሩ ሰዎች ፕላን እነድፋለሁ።

ያ ወረቀት ያናድዳል። የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ነው። ሳጥኖቹ እኩል አይደሉም፤ ዳርና ዳር ያሉት የዐረብኛ ቃላት ቀለሙ ፈስሶባቸው ጉንዳን የተጨፈለቀ ይመስላል። እግሩ ጫማ ይሁን ዓሣ አይለይም። በደሴ ማዘጋጃ ቤት አሥራ ስድስት ዓመት መስመር ያሰመርኩ ሰው እህቴን በዚህ አላስለካም።

እንደ አዲስ ነደፍኩት። ሳጥኖቹ ስምንት ሚሊ በስምንት ሚሊ። ሥዕሎቹን ከየመስመሩ በላይ መሐል ላይ አደረግኳቸው። ለድካሙ አንገረብ አልጋ ላይ የተጋደመ ሰው ሣልኩ፤ የገመዱ ሽመና ሳይቀር ይታያል። በግራ ዳር «ምንም»፣ በቀኝ ዳር «ሸዲድ» ብዬ በእኛ ፊደል ጻፍኩ። ሸዲድን አልተረጎምኩትም፤ እኔና እሷ ሙቀቱንም ራስ ምታቱንም ሸዲድ ነው የምንለው።

ዳውድ ተመልሶ አየውና «ያ ሙሐንዲስ! ወረቀትህ ኢንግሊዚ ሆነ» ብሎ ሳቀ። የውጭ አገር ሥራ ይመስላል ማለቱ ነው። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። መቶ ኮፒ አወጣልኝ።

ሰኔ 12

እግር 5። እጅ 5። ዓይን 6። ድካም 6። ሌላው አምስት አምስት። መሐል ላይ ናት። ቁጥሩን እሷ ትጠራለች፣ እኔ አጠቁራለሁ፤ በአንድ ዓይኗ ሳጥን ማየት ያደክማታል።

ለሽንት ቧንቧ መሣሌን ስነግራት ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች። «ጋሼ፣ የሚንጠባጠብ ነው ወይስ የዘጋኸው?» አለችኝ።

ሰኔ 18፣ ማክሰኞ

ዶክተሩ ወረቀቴን አንስቶ ለነርሷ አሳያት። «ማሻአላህ! ከእኛ ይበልጣል።» ዳር ያለውን ጽሑፍ በጣቱ ነካ አደረገና «ፊደላችሁን አላነብም፤ ግን ሥዕሉ ይበቃኛል» አለኝ። አሥራ ሁለቱን ገጽ እንደ ካርታ ጨዋታ ገለጥ ገለጥ አደረጋቸው። «መሐል ላይ ናት፣ አልተንቀሳቀሰችም። ክኒኑ ይቀጥል።»

ኮራሁ። በዚህ አገር ሰው ሥራዬን ሲያመሰግን ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ሰኔ 27

ሙቀት። ከሃረባ፣ መብራት፣ ከጠዋት ጀምሮ የለም፣ ማራገቢያው ቆሟል። ሙቀት በሽታዋን ይቀሰቅሰዋል። በር ላይ ወደቀች። ካፉሪ ሰፈር በሰው ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ማርብል ስትወለውል አንድ ቀን ወድቃ አታውቅም።

እግር 7። ድካም 8።

እትዬ አረጋሽ ገበያው ዳር ሻይ የሚሸጡ ጎረቤታችን ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት መጥተው ያጥቧታል። «ዐረብኛውን ራስህ አንብበህ ክኒኑን ብታውቀው ምን አለበት?» አሉኝ ዛሬ፣ የመድኃኒቱን ካርቶን እያሳዩኝ። ማንበብ አልችልም አልኳቸው። «በሰባት ዓመት?» አሉ።

በሰባት ዓመት። መናገሩን ለምጃለሁ፣ ፊደሉን አልተማርኩም። የስደተኛ ፋይሌ እየታየ ነው፤ ዛሬ ነገ ወደ ሦስተኛ አገር እሻገራለሁ እያልኩ የምሄድበትን ትቼ የምለቀውን አገር ፊደል ምን ልቁጠር አልኩ። ናርዶስ ነች ከጠረፍ ያወጣችኝ፣ ሁለት ዓመት ያበላችኝ። ያኔ እንግሊዝኛ እያጠናሁ ቁጭ ብዬ ነበር።

ሐምሌ 11፣ ሐሙስ

ዓይን 8።

«ጭጋግ ነው» ትላለች። «እንደ ደሴ ጭጋግ፤ ብቻ አይበርድም።»

ረመዳን ነው። ከተማው ቀን ቀን ይተኛል። ሁለት ሳጥን ሄዷል፣ አንድ ቀርቶታል። የሱቁን መስኮት ስከፍት፣ ፕላን ስነድፍ፣ ያችን አንዲት ሳጥን ነው የማስበው። ፈርቻለሁ።

ሐምሌ 15

ዓይን 9። እግር 8። እጅ 8፤ ብርጭቆ ጣለች።

ሦስት ሳጥን። ነገ ማክሰኞ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን ነገ ማክሰኞ ነው።

ሐምሌ 16፣ ማክሰኞ

በዝርዝር ልጻፈው። ምክንያቱም አልገባኝም።

ኮሪደሩ ላይ ከአርካዊት ሰፈር የመጡ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው ሃያ ዓመቷ ነው፣ ያው በሽታ። የተጠቀለሉበትን ነጭ ቶብ በአፋቸው ላይ ይዘው ያለቅሳሉ። ልጅቷ ከወገብ በታች አልታዘዝ ብሏታል። አጽናናኋቸው።

ገባሁ። ዶክተሩ ጾመኛ ነው፣ ከንፈሩ ደርቋል። «ኬፍ ናርዶስ?»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ። አፌ ራሱ ነው ያለው። ወዲያው ወረቀቱን ዘረጋሁለትና የዓይኑን መስመር በጣቴ ያዝኩ። «ዶክተር፣ ተላታ! ሦስት ሳጥን ሄደ!»

ጎንበስ ብሎ አየ። ፊቱ በራ። «ተላታ! ማሻአላህ፣ ማሻአላህ! እግሩም እጁም ሄዷል እኮ!» ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ክኒኑን በግማሽ እንቀንሰው። ሆዷንና አጥንቷን ይጎዳል፣ ካላስፈለጋት አትውሰድ።»

«ግን ዶክተር፣ ተዕባነ ናት፣ ደክሟታል፣ ትወድቃለች።»

«ድካሙ ኋላ ነው የሚለቀው። ታገሥ። አልጋውን ለእሷ ይዤው ነበር፤ አሁን ለዚያች ለአርካዊቷ ልጅ እሰጠዋለሁ።»

ከኋላዬ ሌላ ሰው ገባ። ወጣሁ። ሴትዮዋ ወሬውን ሰምተው እጄን ሊስሙ ነበር። «አላህ እህትህን ይማርልህ» አሉኝ።

ሐኪም ነው፣ ከእኔ ያውቃል። ምናልባት ሕመሙ ሊወጣ ሲል ይብሳል። ትኩሳት እንኳ ሊለቅ ሲል ያነድዳል አይደል? እንዲያ ይሆናል።

ሐምሌ 17

ለናርዶስ «እየተሻለሽ ነው ብሏል» አልኳት። «እኔ ነኛ የማበዛው» አለች።

«አላበዛሽም።»

«ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ተሻላት ካለ እኔ ነኝ የማበዛው። ሰው ቤት ስሠራ እንዲህ የምታደርግ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ሁልጊዜ አመመኝ ትል ነበር። እንዴት እንደምጠላት!»

እንዲህ አትበይ አልኳት። ግን እውነት ለመናገር በልቤ ትንሽ ቀለለኝ። ምናልባት እውነትም ታበዛለች። ይህን በመጻፌ አፍራለሁ።

ሐምሌ 27፣ ቅዳሜ

ዝናብ። ጎርፍ። ሁለት ቀን ሳያባራ። የጎረቤት አጥር ፈርሷል፤ ውሃው ጉልበት ድረስ ደርሷል። ናርዶስን አንገረቡ ላይ አድርገን አንገረቡን በብሎኬት አነሳነው። ደብተሩንና ንጹሕ ወረቀቶቹን ጣራ ሥር ሰቅያለሁ። የተሞሉት የአሥራ አንድ ቀን ገጾች ረጠቡ፣ ተላቁጠው አንድ ሆኑ።

ሐምሌ 30፣ ማክሰኞ

መንገድ የለም። ሐፍላም የለም፣ ረክሻ የሚሉት ባጃጅም የለም። አልሄድኩም።

ነሐሴ 8

ውሃው ጎድሏል፤ ትንኙ ግን የት ይሂድ። ፍልሰታ ነው፤ እኔ እጾማለሁ፣ እሷን እትዬ አረጋሽ ከለከሏት።

ቁጥሯ ወርዷል። እግር 6። እጅ 5። ዓይን 6። ዶክተሩ እውነቱን ነበር! ትናንት ሰባት፣ ዛሬ ስድስት። ሳጥኗን ሳጠቁር እጄ ደስ አለው።

ምሳ ስትበላ ማንኪያውን በመዳፏ ትሪውን እየዳበሰች ፈለገችው። አጠገቧ ነበር። ሐሳብ ይዟት ይሆናል።

ነሐሴ 14፣ ማክሰኞ

ዶክተር ሙርተዳ ለትምህርት ውጭ ሄዷል፣ ከመስከረም በፊት አይመለስም። ነርሷ ወረቀቶቹን ሳታያቸው ፋይሉ ውስጥ ከተተቻቸው። የአርካዊቷን ልጅ ኮሪደሩ ላይ አየኋት። በከዘራ ትራመዳለች። እናቷ ከሩቅ እጃቸውን አውለበለቡልኝ።

ጠላኋት። ልጅቷን ማለቴ ነው። ምን አድርጋኝ? ሐፍላ ውስጥ ይህንኑ ሳስብ መውረጃዬን አለፍኩ።

ነሐሴ 25፣ ቅዳሜ

ከሱቅ ቀደም ብዬ ተመለስኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እትዬ አረጋሽ ውስጥ ለአንዲት ሴት ሲያወሩ ሰማሁ።

«...ፊቷን ሳጥባት ከወዴት እንደመጣሁ አታውቅም እኮ። ድምፄን ነው የምታየው። ወንድሟ አያይም እንዴ?»

ሳል አልኩና ገባሁ። ወሬ ቀየሩ። ናርዶስ «ጋሼ መጣህ?» አለች፣ ወደ እኔ ዞራ። ደግሞ በትክክል ወደ እኔ ነው የዞረችው። ስለዚህ ታያለች።

ዓይን 4። እግር 3። ወረቀት ምን ይዋሻል። ሰው ነው የሚያጋንነው።

መስከረም 1 ቀን 2006

እንቁጣጣሽ። ካርድ ሣልኩላት፣ ሦስት አደይ አበባ። እጇ ላይ አድርጌላት «እንዴት ነው?» አልኳት። «ያምራል» አለች። ጀርባውን ነበር የያዘችው።

ካርዱን ሳላዞርላት ወጣሁ። ለምን እንዳልነገርኳት አላውቅም።

ዓይን 2። እግር 2። ሌላው ሁሉ 1።

መስከረም 7፣ ማክሰኞ

ዶክተሩ ተመልሷል። ወረቀቶቹን እንደ ተማሪ የፈተና ውጤት ይዤ ገባሁ። አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ አንድ። ሊያመሰግነኝ ነው ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ።

ፊቱ ተለወጠ። ገጽ ገለጠ፣ ሌላ ገጽ ገለጠ። «ያ ተድላ፣ ይኼ ምንድን ነው? መቼ ነው እንዲህ የሆነችው? ለምን አላመጣሃትም?» ጣቱን በእያንዳንዱ መስመር ግራ ጫፍ ላይ እየወጋ ወረደ። «ሸዲድ! ሸዲድ! ሸዲድ! ዓይኗ ሸዲድ!»

ጣቱ ያረፈው «ምንም» ብዬ ከጻፍኩበት ሥር ነው።

እነሱ ከቀኝ ነው የሚጀምሩት።

ነርሷ ከማዶ ሆና ስታሳየኝ የእሷ ቀኝ የእኔ ግራ ነበር። ዳውድ ኢንግሊዚ ያለኝ ከግራ ጀመርክ ሲለኝ ነው። ሰባት ዓመት ከቀኝ ወደ ግራ በሚጻፍበት ከተማ ውስጥ፣ የሱቅ ስም፣ የሐፍላ ታፔላ፣ የሐኪም ወረቀት ሁሉ ከቀኝ በሚጀምርበት፣ እኔ ሰኔ ላይ ከግራ ጀመርኩ። የሐምሌው ሦስት ሳጥን! እኔ ጣቴን ቀስሬ «ባሰባት» ስለው እሱ «ዳነች» ብሎ አነበበ። ክኒኑን ቆረጠው። አልጋውን ሰጠው።

አፌን ከፈትኩ። «ማክሰኞ አልጋ ይለቀቃል» አለ። «ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይዘሃት እንድትመጣ። ስሟን ጽፌዋለሁ።»

አፌን ዘጋሁ። ተገልብጧል ብዬ ብነግረው አልጋውን ይነሳኛል። በእኔ ንባብ ዛሬ አንድና ሁለት ናት፤ ብናገር ደህና ናት ማለት ነው። ደህና ከሆነች የሌላ ሰው አልጋ ሰረቅኩ። ደህና ካልሆነች...

አውቃለሁ ደህና እንዳልሆነች። ከነሐሴ ጀምሮ አውቃለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

መስከረም 8

ጠዋት፣ እትዬ አረጋሽ ሳይመጡ።

«ናርዶስ፣ እውነተኛውን ቁጥር ንገሪኝ።»

«የዛሬውን?»

«የዛሬውን። የትናንቱንም።»

ነጠላዋን ጣቷ ላይ ስትጠቀልል ቆየች። «ዘጠኝ» አለች። «ትናንትም ዘጠኝ። ላንተ የምጠራው ሌላ ነው እንጂ ሁሌም ዘጠኝ ነው። ዓይኔ አሥር ሳይሆን አይቀርም፤ መስኮቱን ብቻ ነው የማየው፣ እሱንም ፀሐይ ስትመታው።»

«ታዲያ ለምን አንድ፣ ሁለት ትይኛለሽ?»

«ከፍ ያለ ቁጥር ስጠራ እርሳስህ ይቆማል፣ ጋሼ። እሰማዋለሁ። ሰባት ስልህ ትንሽ ይቆማል፤ ዘጠኝ ስልህ ብዙ ይቆማል። ሁለት ስልህ ደግሞ ወዲያው ይሄዳል። ሐኪሙም ተሽሏታል አለ። ምን ላድርግ? ኸላስ፣ በቃ፣ እርሳስህ እንዲሄድ ብዬ ነው።»

ወጥቼ ግቢ ውስጥ ቆምኩ። አለቀስኩ። ተመልሼ «ማክሰኞ አልጋ ተገኝቷል» አልኳት። ስለ ወረቀቱ አልነገርኳትም። መጀመሪያ ትዳን። ከዚያ እነግራታለሁ።

መስከረም 14፣ ማክሰኞ

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት አለበስናት። ትናንት የነዳጅ ዋጋ ጨመረ ተብሎ ከተማው ተነስቷል። የዳውድ የወንድም ልጅ በረክሻ ወሰደን። ገበያው ጋ ጎማ እየተቃጠለ ነው። ጭስ። ናርዶስ «ምን እያየህ ነው? ንገረኝ» ትለኛለች። «ምንም» እላለሁ። ከኮብሪው በፊት ወታደሮች መለሱን። «እህቴ በሽተኛ ናት፣ ሙስተሽፋ፣ ሆስፒታል ነው የምንሄደው» አልኩ። ወረቀቴን አሳየሁ። አንዱ ተቀበለኝ፣ ገለበጠው፣ መለሰልኝ። «ያላ፣ ተመለስ።»

ተመለስን።

መስከረም 15

ኢንተርኔት የለም። ስልክ አልፎ አልፎ። የሙስተሽፋው ስልክ አይነሳም። ከሩቅ ተኩስ ይሰማል። እትዬ አረጋሽ ሻያቸውን አልዘረጉም።

መስከረም 17

መስኮቱ ጋ አስቀመጥኳት። «ፀሐይ ወጥቷል?» አለች። ወጥቶ ነበር። ፊቷ ላይ ነበር።

መስከረም 21፣ ማክሰኞ

ኮብሪው ተከፍቶ ደረስን። አልጋው አለ።

ዶክተር ሙርተዳ ዓይኗ ላይ መብራት አበራ፣ አጠፋ፣ አበራ። እግሯን በመዶሻ መታ። መርፌው ተሰክቶ ጠብታው ሲጀምር ወደ ክፍሉ ጠራኝ።

«እግሩ ይመለስ ይሆናል፣ ኢንሻላህ። ዓይኑ... በሐምሌ ብትመጣ ኖሮ እላለሁ። አሁን አላውቅም።» ፋይሏን ከፍቶ የሐምሌን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። «እዚህ ላይ እየዳነች ነበር እኮ። ሦስት ሳጥን። እንዲህ በፍጥነት ሲገለበጥ አይቼ አላውቅም። ያበላሸሁት እኔ እሆን? ክኒኑን የቀነስኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። «አንተ አይደለህም» አልኩት። ወረቀቱን አዙሬ ቀኝ ዳሩ ላይ ጣቴን አደረግኩ። «እዚህ ያለው ቃል ሸዲድ ነው የሚለው።»

«በናንተ ቋንቋ ነው?»

«ቃሉ የናንተው ነው። ሸዲድ። በኛ ፊደል ነው የጻፍኩት። እኛ ከግራ ነው የምንጀምረው።»

ፊደሉን አንድ በአንድ በጣቱ ነካው፤ ሸ፣ ዲ፣ ድ፣ እያልኩ አነበብኩለት። መነጽሩን አወለቀ። «እኔም መጠየቅ ነበረብኝ» አለ። «ስልሳ ሰው ነበር፣ ጾም ነበር፣ ሥዕሉ ያምር ነበር።» ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እስክሪብቶ አንስቶ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀስት አሰመረ፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንድ በአንድ፣ ሃያ ስምንቱንም ገጽ። ቆሜ አየሁት።

መስከረም 26፣ እሑድ

ቤት ገባን። አምስት ቀን ወሰደች። ቀኝ እግሯ ትንሽ ታዘዘ፤ እጇ ብርጭቆ ይይዛል። ዓይኗ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ከዚህ በላይ አሁን ካልመጣ ኋላም አይመጣም ብሎኛል ዶክተሩ።

ነገርኳት። ሁሉንም፦ የነርሷን እጅ፣ ዳውድ ያለውን፣ በጣቴ ያሳየሁትን ሦስት ሳጥን፣ ለአርካዊቷ ልጅ የተሰጠውን አልጋ። መስከረም ሰባት ላይ አውቄ ዝም እንዳልኩም ነገርኳት። ሥራዬን ሰው ሲያደንቅልኝ ደስ ብሎኝ እንደነበርም ነገርኳት፣ ይኼኛው ነበር ከሁሉ የከበደኝ።

ጨርሼ ጠበቅኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

መስከረም 29

አታናግረኝም። ለእትዬ አረጋሽ ትናገራለች፣ ለእኔ አትናገርም። መብቷ ነው። ዶክተሩ ወረቀቱ ይቀጥል ብሏል፤ እግሯን የምንከታተለው በእሱ ነው። እኔ ግን ሳጥን መንደፍ አልቻልኩም። ማስመሪያውን አንስቼ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ዳውድን የዐረብኛ ፊደል አስተምረኝ አልኩት። «አሁን?» አለኝ። አሁን አልኩት።

ጥቅምት 2፣ ቅዳሜ

የናርዶስ የቁልፍ ሣጥን አለ፤ ካፉሪ በነበረች ጊዜ ከአሮጌ ልብሶች እየነቀለች ያጠራቀመችው። አሥር ቁልፍ መረጥኩ፤ ከሕፃን ሸሚዝ ቁልፍ ጀምሮ እስከ ካፖርት ቁልፍ፣ እያንዳንዱ ከፊተኛው የሚበልጥ። በአንድ ቁራጭ ጨርቅ ላይ በመስመር ሰፋኋቸው። መርፌ አላውቅም፤ ጣቴ ተወጋግቷል፤ ስፌቱ ጠማማ ነው። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

እጇ ላይ አደረግኩላትና «ትንሹ ምንም ነው፣ ትልቁ ሸዲድ» አልኳት።

በጣቶቿ ሄደችበት። ከትንሹ እስከ ትልቁ፣ ተመልሳ ከትልቁ እስከ ትንሹ። ከዚያ ጨርቁን ይዛ አዞረችው፤ ግራው ቀኝ እንዲሆን። እንደገና ዳበሰችው። እንደገና አዞረችው።

«ይኼኛው ቢያዞሩትም ያው ነው» አለች።

ከስድስት ቀን በኋላ ያናገረችኝ ይህን ነው።

«ያላ ጋሼ፣ እርሳስህን ያዝ» አለች። «እግር፣ ስድስት። እጅ፣ አራት። ድካም፣ ሰባት።» እያንዳንዱን በጣቷ ቆጥራ ነው። በመጨረሻ ጨርቁን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና የካፖርቱን ቁልፍ በአውራ ጣቷ ያዘችው።

«ዓይን፣ አሥር» አለች፣ ጆሮዋን ወደ እኔ ሰጥታ።

እርሳሴን አላቆምኩም።